ሃሞክና ሸራ ዝናብ ሳይቀድም መወጠር፦ ልኬት፣ ቋጠሮ፣ የዛፍ ምርጫ

ወንጪ_ዳር (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሃሞክ (በሁለት ዛፍ መሃል የሚንጠለጠል የጨርቅ መኝታ) ላይ ለሚያድሩ ሰዎች ነው። ዕቃው ይህ ነው፦ 3.3 ሜትር ርዝመት ያለው የአንድ ሰው ሃሞክ (ሁለት ጫፉ ተሰብስቦ የሚታሰረው ዓይነት)፣ 3.3 በ3 ሜትር የሆነ ሲሊኮን የተቀባ የናይለን ሸራ፣ 2.5 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የዛፍ ቀበቶዎች፣ ስድስት ካስማና 3 ሚሊሜትር ገመድ። የታሰበው መስከረም መጨረሻ ላይ ወንጪ፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ሐረና ጫካ ነው።

ችግሩ ጊዜ ነው። ቀበቶ ማሰር፣ ከፍ ሲል መፍታት፣ ዝቅ ሲል እንደገና መፍታት፣ ሸራውን ወደ መሃል መጎተት፤ በዚህ መሃል ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ድንገት በሚወርድበት አገር ግማሽ ሰዓት ማለት መኝታው ረጠበ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን፣ ርቀቱንና ከፍታውን በቁጥር የሚያውቅ ቢያስረዳን። የሸራው ገመድ አንድ ወጥ ይሁን ወይስ ለሁለት ይቆረጥ በሚለውም ላይ ሐሳባችሁን ስጡኝ።

---

ዝግባ

ወንድም፣ ጊዜው የሚባክነው ማሰሩ ላይ አይደለም፤ ካሰሩ በኋላ «ልክ አልመጣም» ብሎ መፍታቱ ላይ ነው። ልኬቱን ቤትህ ጨርሰህ ከሄድክ ጫካ ውስጥ የሚቀርህ ጫፍና ጫፉን ማያያዝ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሃሞኩን ሪጅላይን ሥራ። ከሃሞኩ አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ከላይ የሚዘረጋ የማይለጠጥ ቀጭን ገመድ ማለት ነው። ርዝመቱ የሃሞኩ ርዝመት 83 በመቶ ይሁን፤ ያንተ 3.3 ሜትር ስለሆነ 2 ሜትር ከ74 ሳንቲሜትር ይመጣል። አንዴ ከታሰረ በኋላ ዛፎቹ ቢቀራረቡም ቢራራቁም የሃሞኩ ሆድ ሁልጊዜ እኩል ይረግባል። ያለ እሱ ርግበቱን በየቦታው በግምት ልትፈልግ ነው፤ ግማሽ ሰዓቱን የሚበላውም ይኸው ግምት ነው። ለዚህ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የዳይኒማ ገመድ (ጠንካራ፣ ብዙ የማይለጠጥ ሠራሽ ገመድ) ይሻላል። ተራ ናይለን ስለሚለጠጥ ሌሊት ላይ ልኩን ያጣል።

ቀጥሎ የቀበቶው ዝንባሌ። ሰው ከተኛበት በኋላ ቀበቶው ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ያህል ሊኖረው ይገባል። ነገሩ ምቾት ብቻ አይደለም። በ30 ዲግሪ እያንዳንዱ ቀበቶ የሚሸከመው የተኛውን ሰው ክብደት ያህል ነው፤ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በየጎኑ 80 ኪሎ። በ15 ዲግሪ 155 ኪሎ ይደርሳል፤ በ10 ዲግሪ 230። ሰውየው ዘፍ ብሎ ሲቀመጥ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ቀጥ እንዲል ብለው አጥብቀው የሚወጥሩ ሰዎች ቀበቶ የሚበጥሱት፣ ለጋ ዛፍ የሚያጎብጡት ለዚህ ነው። ጀርባ የሚቃናው በመወጠር ሳይሆን በሰያፍ በመተኛት ነው፦ ጭንቅላት ከመሃል መስመሩ ትንሽ ወደ ግራ፣ እግር ትንሽ ወደ ቀኝ (ወይም በተቃራኒው)። የእግር በኩል ጫፉን ከራስጌው ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ካደረግከው ሌሊቱን ወደ ግርጌ አትንሸራተትም።

ዝንባሌውን ያለ መሣሪያ ለማየት ሌባ ጣትህን አግድም፣ አውራ ጣትህን ወደ ላይ ዘርጋ። ከአውራ ጣት ጫፍ ወደ ሌባ ጣት ጫፍ የሚወርደው መስመር ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ከቀበቶው ጋር አስተያየው።

አሁን ከፍታው። መቀመጫህ ከመሬት 45 ሳንቲሜትር፣ የወንበር ያህል እንዲሆን፣ በ3.3 ሜትር ሃሞክና በ2.74 ሜትር ሪጅላይን የቀበቶው ከፍታ ዛፉ ላይ እንዲህ ይመጣል፦

ዛፎቹ 4 ሜትር ሲራራቁ፦ 1.70 ሜትር
4.5 ሜትር ሲራራቁ፦ 1.85 ሜትር
5 ሜትር ሲራራቁ፦ 2 ሜትር
6 ሜትር ሲራራቁ፦ 2.30 ሜትር

6 ሜትሩን የጻፍኩት እንድትተወው ነው፤ ድንጋይ ላይ ካልቆምክ አትደርስበትም። ከ4 ሜትር በታች ሲሆን ደግሞ ሃሞኩ ቢገባም 3.3 ሜትር ሸራህ የሚወጠርበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ የምትፈልገው ርቀት ከ4 እስከ 5 ሜትር ነው። አንድ ተራ እርምጃ 75 ሳንቲሜትር ያህል ስለሆነ ስድስት እርምጃ 4.5 ሜትር ይሰጥሃል። እርምጃህን ቤት ውስጥ በሜትር ለካው፤ ከዚያ በኋላ ሜትር መያዝ አያስፈልግህም።

ከመሄድህ በፊት የራስህ ቁመት ላይ 1.85 ሜትር የት እንደሚሆን እወቅ። ለብዙ ሰው ከአናቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል።

---

ሻምበል_ጡረታ

ዝግባ በደንብ ብሎታል። እኔ ዛፉ ላይ ልጨምር፤ ከዛፉ በፊት ሌላውን ሁሉ መናገር ትርፉ ድካም ነው።

ከመለካትህ በፊት ቀና ብለህ እይ። የደረቀ ቅርንጫፍ፣ ተሰብሮ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ እንጨት፣ አናቱ የደረቀ ዛፍ ካየህ ሌላ ጥንድ ፈልግ። ግንዱ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ውፍረት ይኑረው። በቡጢ ስትመታው ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ሥሩ አካባቢ እንጉዳይ ከበቀለ ወይም ልጡ በሰፊው ከተላጠ ውስጡ በስብሷል።

በየዛፉ ስንሄድ፦ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ጥሩ ናቸው። ሾላና ዋርካ ይሸከማሉ፤ ግን ግንዳቸው ሰፊ ስለሆነ አጭር ቀበቶ አይዞራቸውም፤ 3 ሜትር ቀበቶ ያስፈልጋል። ኮሶ ሲያረጅ ውስጡ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ መታ መታ አድርገህ አረጋግጥ።

ባሕር ዛፍ ላይ ሰው ይሳሳታል። በየመንደሩ የሚታየው ከጉቶ ያቆጠቆጠ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ቢያምርም ብዙው ከ10 ሳንቲሜትር አይበልጥም። ሰው ሲተኛበት ሁለቱም ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ፤ ሃሞኩም መሬት ይነካል። ያረጀውና የወፈረው ደግሞ፣ በተለይ ቀይ ባሕር ዛፍ፣ ነፋስ ሳይኖር ጭምር ቅርንጫፍ ይጥላል። ልጡ የሚላጥ በመሆኑም ቀበቶው ይንሸራተታል።

ቁልቋል ላይ በፍጹም አታስር። ተሰባሪ ነው፤ ወተቱም ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። እንሰትና ሙዝ ዛፍ አይደሉም፤ ይህን ማለት ያስፈለገው ለልጆች ሃሞክ የሚያስሩባቸው ስላሉ ነው።

ብቻውን ገላጣ ላይ የቆመ ረጅም ዛፍ ለፎቶ ያምራል፤ ነጎድጓድ ባለበት ወር ግን አይጠጉትም። መብረቅ እየቀረበ ከሆነ ሃሞክ ውስጥ መተኛት አይገባም፤ መኪና ወይም ቤት ቅርብ ከሆነ እዚያ ግባ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ምስማር አይመታም፤ ቀጭን ገመድም በቀጥታ ግንድ ላይ አይታሰርም። ቀጭን ገመድ ልጡን ቆርጦ ይገባል፤ ምግብ የሚተላለፈው ከልጡ ሥር ስለሆነ ዛፉ ይደርቃል። 2.5 ሳንቲሜትር ዝቅተኛው ነው፤ ልጡ ለስላሳ ከሆነ 4 ወይም 5 ይሁን።

---

ወንጪ_ዳር

ሻምበል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዝግባ፣ የከፍታውን ቁጥር ጽፌ ይዤዋለሁ። አሁን የሸራው ጉዳይ ነው የቀረኝ። ሸራው ይቅደም ወይስ ሃሞኩ?

---

ሰማያዊ_ሸራ

ሸራው ይቀድማል፤ ሲፈርስም ሸራው መጨረሻ ነው የሚወርደው። ዝናብ ባይኖርም እንደዚያው አድርግ። እጅህ አንድ ቅደም ተከተል ብቻ ይልመድ።

አንድ ወጥ ገመድ ይሻልሃል። 10 ሜትር ይበቃል፦ እስከ 6 ሜትር ለሚደርስ ርቀት፣ ሁለቱን ግንዶች ለማዞርና ለማሰሪያ ትርፍ። አንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ካራቢነር (ተከፍቶ የሚቆለፍ የብረት ቀለበት) ወይም የእንጨት ቁራጭ ለመሸጎሪያ የሚሆን ቀለበት እሰር። ገመዱ ላይ ሁለት የፕሩሲክ ቀለበቶች ይቀመጡ፤ እነሱ የሸራውን ሁለት ጫፎች ይይዛሉ።

ፕሩሲክ ለማያውቅ፦ ከ2 ሚሊሜትር ገመድ ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ 15 ሳንቲሜትር የሚሆን ቀለበት ይሠራል። ዋናው ገመድ ላይ በራሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይጠመጠምና ዙሮቹ ሳይነባበሩ ጎን ለጎን ተስተካክለው ይጠብቃሉ። ሲጎተት ይነክሳል፤ በእጅ ሲገፋ ይንሸራተታል። የማይሠራበት ምክንያት ሁለት ነው፦ የቀለበቱ ገመድ ከዋናው ጋር እኩል ውፍረት ካለው አይነክስም፤ ዋናው ገመድ የሚያንሸራትት ዳይኒማ ከሆነ ደግሞ ሦስት ዙር አይበቃም፣ አራት ይሁን።

አሠራሩ፦ ካራቢነሩን አንደኛው ዛፍ ላይ አዙረህ ገመዱ ላይ ቆልፍ። ወደ ሁለተኛው ዛፍ ሂድ፣ አዙር፣ ወጥር፣ እሰር። ከዚያ ሁለቱን ፕሩሲኮች እየገፋህ ሸራውን መሃል ላይ አምጥተህ ወደየጎኑ ወጥረው። ለሁለት የተቆረጠ ገመድ ላይ ሸራው ወደ አንድ ጎን ካደላ አንዱን ፈትተህ ሌላውን ልትስብ፣ ከዛፍ ዛፍ ልትመላለስ ነው። አንድ ወጡ ላይ ግን ቋጠሮ ሳትፈታ መሃል ይገባል።

የሁለተኛው ዛፍ ቋጠሮ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያስሩት ነው። ገመዱ ግንዱን ዞሮ ሲመለስ፣ ከግንዱ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ በተዘረጋው ገመድ ላይ ትንሽ ቀለበት ሥራ። ጫፉን በቀለበቱ አሳልፈህ ወደ ዛፉ ሳበው፤ ቀለበቱ እንደ መዘውር ያግዝሃል። ሲወጠር ጫፉ ቀለበቱን የሚያልፍበትን ቦታ በሁለት ጣት ቆንጥጠህ ያዝና በግማሽ ቋጠሮ ዝጋው፤ ጫፉን ሙሉ በሙሉ አታሳልፈው፣ አጥፈህ አስገባው። ጠዋት በአንድ መሳብ ይፈታል። ቀለበቱ ስትስበው እየጠበበ ከሄደ በተገላቢጦሽ ተሠርቷል፤ የቀለበቱ መታጠፊያ መውጣት ያለበት ከዛፉ በኩል ካለው ገመድ ነው።

እንደ ክራር ክር እስኪጮህ መወጠር ግን አያስፈልግም። የሸራው ገመድ ሰው አይሸከምም፤ ከመጠን በላይ ሲወጠር ስፌቱ ጫፍ ላይ ይከፈታል።

---

ቨርጂኒያ_ጫካ

ሰማያዊ ሸራ፣ አንድ ወጥ ገመድ ላይ እስማማለሁ፤ ግን ገመዱ ከሸራው በላይ ይሂድ ወይስ በታች የሚለውን አልነካኸውም። ዝናብ ላይ ልዩነት አለው። ገመዱ በሸራው ሥር ካለፈ ውሃ ከዛፉ ግንድ ጀምሮ ገመዱን ተከትሎ ሸራው ሥር ይገባና መሃል ላይ ይንጠባጠባል። ከላይ ካለፈ ውሃው ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ከላይ፣ ሸራው በፕሩሲኮቹ ተንጠልጥሎ።

---

ሰማያዊ_ሸራ

እውነት ነው፤ ግን ከላይ ሲሆን የሸራው ጀርባ ድጋፍ የለውም። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወይም ከባድ ነፋስ ሲመጣ ጫናው በሙሉ ሁለቱ ጫፎች ላይ ይወድቃል። ደጋ ላይ በረዶ ብዙ ነው። በሥሩ አሳልፌ፣ ሸራው ከሚጀምርበት ትንሽ ገባ ብሎ ገመዱ ላይ የጥጥ ክር ማሰሩን እመርጣለሁ፤ ውሃው በክሩ በኩል ይወርዳል።

---

ቨርጂኒያ_ጫካ

ክሩ ይሠራል። ለወንጪ በረዶ ያንተ ይሁን።

እንግዲህ ሰዓት የሚቆጥበው ትልቁ ነገር የሸራው ከረጢት ነው። ከረጢት ስል ቱቦ ማለቴ ነው፦ ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ፣ ከቀጭን መረብ የተሰፋ፣ የሸራውን ርዝመት የሚያህል ረጅም እጅጌ። ሸራው እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ውስጡ ይቀመጣል፤ ገመዱም ፕሩሲኮቹም ከሸራው ሳይፈቱ። ስትደርስ ገመዱን ከዛፍ ዛፍ ትዘረጋለህ፤ ሸራው ቱቦው ውስጥ እንዳለ ይንጠለጠላል። ዝናብ ካልመጣ እንደዚያው ይደር። ከመጣ ቱቦውን ወደ አንድ ጫፍ ሰብስበህ አራት ጥግ ትተክላለህ። ወንጪ ላይ ልብስ ሰፊ ጋ ከአሮጌ የወባ አጎበር ማሰፋት ይቻላል፤ የአፉ ስፋት 12 ሳንቲሜትር ቢሆን ይበቃል።

ለሃሞኩ ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ የሚከፈት ከረጢት። አንዱን ጫፍ ከፍተህ የሃሞኩን ማንጠልጠያ ከአንደኛው ቀበቶ ጋር ታገናኛለህ፤ ወደ ሌላው ዛፍ ስትሄድ ሃሞኩ ራሱ ከከረጢቱ እየወጣ ይከተልሃል። መሬት አይነካም፣ ጭቃ አይዝም፣ አይጣመምም።

እዚህ አሜሪካ ላላችሁ፦ ዛፍ ላይ ሃሞክ ማሰርን የሚከለክሉ፣ የቀበቶ ስፋት የሚወስኑ ፓርኮች አሉ፤ ስትመዘገቡ ጠይቁ። ሸናንዶዋ (ቨርጂኒያ ያለው ብሔራዊ ፓርክ) ላይ ምግብ ከመሬት 3 ሜትር ከፍ፣ ከግንዱ 1.2 ሜትር ራቅ ብሎ ይሰቀላል፤ ድብ ስላለ። ምግብ ሃሞኩ ሥርም ሸራው ሥርም አይደርም። ሐረና ላይ ደግሞ ዝንጀሮና ጅብ ስላለ ይኸው ይሠራል።

---

ላንጋኖ_ማዶ

እናንተ ስለ ደጋ ነው የምታወሩት፤ እኔ ደግሞ ላንጋኖን ልጠይቅ። ግራር እሾህ አለው፣ አሸዋው ካስማ አይዝም፣ ትንኙ ከሥር በጨርቁ በኩል ይነድፋል። ከእኔ ጋር ሁለት ልጆች ስላሉ መረብ ብቻ ይበቃል ወይ?

---

ዝግባ

እህቴ፣ መረብ ብቻ አይበቃም። ትንኝ ቀጭን ነጠላ ጨርቅ አልፎ ይነድፋል፤ ሰውነት ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ስለሚተኛ ጀርባ ክፍት ነው ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ባለ ሁለት ድርብ ሃሞክ ሆኖ በድርቡ መሃል ቀጭን ስፖንጅ ማስገባት፣ ወይም ሃሞኩን ከሥሩ ጭምር ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቱቦ መረብ። ለልጆቹ ሁለተኛው ይሻላል። የሃሞኩን ውጭና መረቡን ለጨርቅ በተዘጋጀ 0.5 በመቶ ፐርመትሪን (የነፍሳት መርዝ) ርጪና ሳይደርቅ አትጠቀሚበት። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ስለሆነ የወባ አካባቢ ነው፤ የወባውን ጥንቃቄ በሃሞኩ ብቻ አትጨርሺው።

ግራር ያስራል፤ ችግሩ መሬት ላይ የወደቀው እሾህ ነው። ሃሞኩን መሬት ላይ ዘርግታችሁ አታዘጋጁት፤ ቨርጂኒያ ጫካ ያለው ባለ ሁለት አፍ ከረጢት እዚህ ግዴታ ይሆናል። ሸራውም ሲወርድ እሾህ ላይ እንዳይጎተት።

ሁለት ልጆች በአንድ ሃሞክ አይተኙ፤ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው መሃል ላይ ይጨፈለቃል። ለልጅ መቀመጫው ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ይብቃው፤ ከሥሩም ድንጋይና ጉቶ ይነሳ።

---

ሻምበል_ጡረታ

ለአሸዋው፦ ካስማውን ቀጥ አድርጎ መትከል ከንቱ ነው። ክንድ የሚያህል ወፍራም እንጨት መሃሉ ላይ ገመዱን አስረሽ፣ 25 ሳንቲሜትር ጉድጓድ ውስጥ አጋድመሽ ቅበሪው፤ አሸዋውን በእግር ረግጠሽ ጠቅጥቂው። እንጨቱ ከገመዱ አቅጣጫ ጋር መስቀልያ ይሁን። ድንጋይ ካለ ደግሞ ገመዱ ትንሽ ድንጋይ ላይ ይታሰርና ትልቅ ድንጋይ ከፊቱ ይጫንበት።

ጥቁር ጭቃ ላይ አጭር ካስማ ሲርስ ይወጣል፤ 20 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ፣ ሦስት ክንፍ ያለው ይሁን። ካስማው ራሱ ከሸራው ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ገመዱ ከካስማው ጋር ወደ 90 ዲግሪ ሲገናኝ ነው በደንብ የሚይዘው።

---

የሐረና_ሰው

ሐረና ለሚመጣው ወንድም። መጀመሪያ፦ ሐረና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ስለሆነ ዲንሾ ላይ ክፍያህን ከፍለህ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይዘህ ነው የምትወርደው። ስካውቱ የትኛው ዛፍ እንደሚታመን ስለሚያውቅ ጠይቀው።

ጫካው እርጥብ ነው፤ ደመናው ራሱ ውሃ ነው። እዚህ ያሉት ጥፋቶች ከደረቅ አገር ይለያሉ።

አንደኛ፣ የናይለን ሸራ ሲረጥብ ይለጠጣል። ማታ ጥሩ አድርገህ የወጠርከው ሸራ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሆዱ ይንጠለጠላል፤ ሆዱ ላይ ውሃ ይጠራቀማል፤ ነፋስም ያርገበግበዋል። የፖሊስተር ሸራ ይህ ጠባይ የለውም፤ አዲስ የምትገዙ ፖሊስተር ግዙ። ያንተ ናይለን ስለሆነ በየጥጉ ገመድ ላይ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 25 ሳንቲሜትር ላስቲክ ገመድ በቀለበት እሰርና ስትተክል ግማሽ ድረስ ለጥጠው። ጨርቁ ሲረግብ ላስቲኩ ይሰበስበዋል። በጨለማ ተነስተህ መወጠር አይኖርብህም።

ሁለተኛ፣ ውሃ ግንዱን ይዞ ይወርዳል፣ ቀበቶውን ይከተላል፣ ቀጥታ ሃሞኩ ውስጥ ይገባል። ሸራው ከላይ ደህና ሆኖ ጀርባ የሚረጥበው በዚህ ነው። ቀበቶው ላይ፣ ሸራው ሥር ከገባ በኋላ፣ ከሃሞኩ ጫፍ አንድ ስንዝር ቀደም ብሎ 20 ሳንቲሜትር የጥጥ ክር ወይም የጫማ ክር አጥብቀህ እሰርና ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይቅር። ውሃው እዚያ ይጠባጠባል። ክሩ ከሸራው ውጭ ከታሰረ ግን ከእሱ በኋላ ያለው ቀበቶ እንደገና ስለሚረጥብ ጥቅም የለውም።

ሦስተኛ፣ ጉንዳን። ከማሰርህ በፊት የሁለቱን ዛፎች ሥር በባትሪ እይ፤ የጉንዳን መንገድ ካለ ዘወር በል። ቀበቶውን እንደ ድልድይ ይሻገሩበታል።

የመሬቱ ተዳፋት ላይ ደግሞ ዛፎቹን እኩል ከፍታ ላይ ካሉት ምረጥ፤ ተዳፋቱን የሚከተል ጥንድ ላይ አንዱ ቀበቶ ከአናትህ በላይ ይሆናል፣ ሌላው ወገብህ ላይ። ሸለቆ ግርጌ ላይም አትደር፤ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር የሚፈሰው ወደዚያ ነው።

---

ወንጪ_ዳር

በጣም አመሰግናለሁ። ቀበቶውን ከሃሞኩ ጋር የማገናኘው በምን ይሁን? አሁን ያለው በየጥቂት ሳንቲሜትሩ ቀለበት የተሰፋለት ነው፤ ከባድ ነው፣ ልኩም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ብርዱስ? ስሊፒንግ ባጉ እስከ 5 ዲግሪ ይችላል ተብሎ የተሸጠ ነው።

---

ዝግባ

ባለ ቀለበቱ ቀበቶ ለጀማሪ ይመቻል፤ ግን ከአንድ ቀለበት ወደ ሌላው ስትዘል ከፍታው ከሚገባው በላይ ይለወጣል። ለስላሳ 2.5 ሳንቲሜትር የፖሊስተር ቀበቶ፣ 3 ሜትር ርዝመት፣ አንድ ጫፉ ላይ ብቻ ቀለበት የተሰፋበት ይሻላል። የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ከሚሸጡ ሱቆች ቆርጦ ማሰፋት ይቻላል፤ ፖሊስተር መሆኑን ብቻ አረጋግጥ። ናይለኑ ሲረጥብ ይለጠጥና ንጋት ላይ መሬት ያደርስሃል። ቢጫና ሰማያዊው የፕላስቲክ ገመድ ደግሞ ፀሐይ ስለሚያደክመው ሰው አይሰቀልበትም። ስፌቱ ወፍራም የፖሊስተር ክር ሆኖ ቢያንስ 8 ሳንቲሜትር ተደራርቦ ብዙ ጊዜ የተመላለሰ ይሁን።

አስተሳሰሩ፦ ቀበቶው ግንዱን ይዞራል፣ ጫፉ በተሰፋው ቀለበት ያልፋል፣ ይሳባል። ወደ ሃሞኩ የሚመጣውን ጫፍ በሃሞኩ የገመድ ቀለበት ውስጥ ከሥር ወደ ላይ ታሳልፋለህ፤ ቀበቶውን በቀለበቱ ሁለት እግሮች ኋላ ታዞረዋለህ፤ ከዚያ በራሱ ሥር፣ በገባው ቀበቶና በቀለበቱ መሃል፣ አጥፈህ ትሸጉጠዋለህ። ክብደት ሲያርፍበት ይጠብቃል። ስትነሳ የታጠፈውን ጫፍ ስትስበው ይፈታል። ብረት የለም፤ ከፍታውን በአንድ ሳንቲሜትር ማስተካከል ትችላለህ።

ከታሰረ በኋላ መጀመሪያ በእጅህ ተጫነው፤ ቀጥሎ ተቀመጥ፤ ከዚያ ተኛ። ተኝተህ የሃሞኩን ሪጅላይን በሁለት ጣት ስትጠመዝዘው ትንሽ እምቢ እያለ መዞር አለበት። ጨርሶ ከላላ ቀበቶዎቹ ረግበዋል፤ ንቅንቅ ካላለ ከመጠን በላይ ተወጥረዋል፤ ዝንባሌው ከ30 ዲግሪ በታች ነው ማለት ነው።

አሁን በደንብ ከታሰረበት በኋላ ቀበቶው ላይ፣ ዛፎች 4.5 ሜትር ሲራራቁ የሃሞኩ ቀለበት የሚያርፍበትን ቦታ በቀለም ክር ምልክት ስፋ። ግንዱ መካከለኛ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ የምታስረው እዚያ ነው፤ የሚቀርህ ትንሽ ማስተካከል ነው።

ብርዱ ላይ ግን ስሊፒንግ ባጉን አትመነው። ከሥርህ ያለው ክፍል በክብደትህ ሲታመቅ አየሩ ይወጣል፤ አየር ከሌለ ሙቀት የለም። በዚያ ላይ ነፋስ ከሥር ያልፋል። ወንጪ ዙሪያው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ከሄደ ከአዲስ አበባ ሌሊት 4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ርካሹ መፍትሔ ስፖንጅ ነው፤ ግን 50 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ስፖንጅ ሃሞክ ውስጥ ትከሻ አይሸፍንም። ከ60 ሳንቲሜትር ያላነሰ ፈልግ፣ ወይም ትከሻው ጋ ሌላ ቁራጭ አግድም ጨምርበት። የሚሻለው አንደርኪልት ነው፦ ከሃሞኩ ሥር ከውጭ የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ፤ ስለማይታመቅ አየሩን ይይዛል። ተኝተህ እጅህን በሃሞኩና በእሱ መሃል አስገባ። ክፍተት ካለ ብርዱ በዚያ ይገባልና ማንጠልጠያውን አሳጥረው፤ አንተን ወደ ላይ የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ታምቋል፤ አላላው።

---

ቨርጂኒያ_ጫካ

በዝናብ ውስጥ ስትደርስ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ሻንጣው ሳይከፈት ከጎን ኪስ የሸራው ቱቦ ይወጣል፤ ስለዚህ ሸራው ሁልጊዜ የሚታሸገው ውጭ ኪስ ላይ ነው። ቀና ብለህ ዛፉን እይ፣ ስድስት እርምጃ፣ ገመዱ ከቀበቶው ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ። መጀመሪያ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያሉት ሁለት ካስማዎች፣ ገመዱ ከጥጉ በ45 ዲግሪ ወደ ውጭ። ቀጥሎ የሌሎቹ ሁለቱ። አሁን ሻንጣው ሸራው ሥር ይከፈታል፤ ቀበቶ፣ ሃሞክ፣ አንደርኪልት፣ የጥጥ ክሩ። ሁለቱ ትርፍ ካስማዎች የሸራውን ጎን ከመሃሉ ወደ ውጭ ለሚስቡት ገመዶች ናቸው፤ ነፋስ ካለ ብቻ።

ሸራው ከሃሞኩ ሪጅላይን በሁለቱም ጫፍ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር መትረፍ አለበት፤ ያንተ 3.3 ሜትር ስለሆነ ወደ 28 ሳንቲሜትር ይተርፋል፤ ይበቃል። ግን መሃል ላይ ካልተቀመጠ አንዱ ጎን ትርፉን ያጣል። ዛፎቹን ስትመርጥ የሸራው ሰፊ ጎን ነፋሱን እንዲመልስ፣ ክፍት ጫፎቹ ከነፋሱ ጎን ለጎን እንዲሆኑ አድርግ። ነፋሱ ከጫፍ በኩል ከገባ ምንም ያህል ብትወጥር ዝናቡ ራስጌህ ላይ ነው።

---

የሐረና_ሰው

ሲፈርስም እንዲሁ በተቃራኒው። ሃሞኩና መኝታው ሸራው ሥር ሻንጣ ውስጥ ይገቡና ሻንጣው ይዘጋል፤ ከዚያ ካስማ፣ ከዚያ ቱቦው ሸራው ላይ ይጎተታል፣ መጨረሻ ገመዱ። እርጥብ ሸራ ከመኝታ ጋር በአንድ ከረጢት አይታሸግም። ከተማ እንደገባህ በዚያው ቀን ጥላ ላይ ዘርጋው፤ እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ ይሻግታል። ካስማህን ቁጠር፤ ሣር ውስጥ ይቀራል።

---

ወንጪ_ዳር

ቱቦውን ለልብስ ሰፊ ሰጥቻለሁ፤ የላስቲክ ገመዱም ተገኝቷል። ዳይኒማ ገመድ አዲስ አበባ ውስጥ ላላገኘ ሰው ለሪጅላይኑ ምትክ ምን ይሁን?

---

ዝግባ

የግንበኛ ቱምቢ ገመድ አይደለም፤ ይበጠሳል። የተጠለፈ የፖሊስተር ገመድ 4 ሚሊሜትር ውሰድ። ከመለካትህ በፊት አንድ ቀን ክብደት አንጠልጥለህበት አሳድረው፤ መጀመሪያ የሚሰጠውን ርግበት ይጨርሳል። ከዚያ 2.74 ሜትር ላይ እሰር፤ ሁለት ሌሊት ካደርክበት በኋላ እንደገና ለካው። ከ2.80 ካለፈ አሳጥረው።